የምራቴ ይበልጣል

የአማትየዋ ስልክ የሚያወራው በድምጽ ማጉያ ነው። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ እሳቸው ግን የደከመው ስልኩ ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቤት የእናትና የልጅ ሚስጥር የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል። የዚያን ቀን ጠዋትም ምራቲቱ ፔርሙሱን ሻይ ሞልታ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ የአማቷ በር ገርበብ ብሎ ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እግራቸውን ካልሲ አልብሰው ሌላውን ረስተው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ያወራሉ። መስማት ያልፈለገ ሰው በዚያ ኮሪደር ማለፍ አይችልም።

«ክፍሉን አየዋለሁ አልኩ እንጂ እገባበታለሁ አልኩ?» ይላሉ አማትየዋ። «ማየትና መግባት አንድ ነው?»

«እማዬ፣ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል እኮ ነው ያዘጋጀሁልሽ። መስኮቱ ራሱ...»

«መስኮት ይበላል? አንቺ ልጅ፣ ሁሉ ነገር አለሽ፤ ሙያ ብቻ የለሽም። እኔ ምን ላድርግሽ? የወንድምሽን ሚስት እያት። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆማ ትውላለች፤ ማታ ገብታ ደግሞ ያንን የመሰለ ማርማላታ ትሠራለች። አንቺ ቤት የመጣሁ ለት ምን አቀረብሽልኝ? የሱቅ። ለገዛ እናትሽ የሱቅ!»

ከወዲያ በኩል ልጅቷ አፍንጫዋን ስትስብ ድምጿ በማጉያው ቤቱን ሞላው። አማትየዋ እሱን አልሰሙትም፤ «መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ» ብለው ዘጉና ሁለተኛውን ካልሲ መፈለግ ጀመሩ። ምራቲቱ ግን ፔርሙሱን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። በሕይወቷ ማርማላታ ሠርታ አታውቅም።

ነገሩ ሲጀመር ውሸት አልነበረም። በየወሩ አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱን ቅርንጫፍ ለማየት ወደ አንዲት የገጠር ከተማ ትወጣለች። የሚወስዳት ሹፌር መንገድ ላይ አንድ የኮክ እርሻ በር ላይ ካልቆመ ጉዞው የማይገፋለት ሰው ነውና፣ እሷም አንድ ቀን አብራው ወርዳ አንድ ጠርሙስ የኮክ ማርማላታ ገዛች። ክዳኑ ሳይጠብቅ ቀርቶ መንገድ ላይ ጥቂት ፈሰሰ፤ ቤት ገብታ ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ ስታጥበው የተለጠፈበት ወረቀት ተላጠ። ያኔ አማቷ ባላቸው አርፈው፣ ቤታቸው ተሸጦ፣ ወንድ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ገና ሳምንታቸው ነበር። ጠዋት ማርማላታውን ዳቦ ላይ ቀብተው ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ «ይሄማ እጅ ያስቆረጥማል! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ ልጄ» አሉ። የምራቲቱ እጅ ያን ጊዜ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ነበር። «አሜን» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ምርቃት ደግሞ አድራሻው ተሳስቷል ተብሎ ለመራቂው አይመለስም።

ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው። ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ፈጅታ የመድኃኒት ባለሙያ ሆና የወጣች ጊዜ አማቷ «ጥሩ ነው፣ ልጄ» ብለው ነበር ያለፏት። ባለሙያ ያሏት በኮኩ ነው። ለጎረቤቱም ለዘመዱም «ምራቴ እኮ ባለሙያ ናት» ሲሉ የቱን ሙያ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ያው ሴት ልጅ ባለሙያ ተባለች ማለት ማዕድ ቤቱን ነው። ደስ አላላትም ማለት ውሸት ነው፤ ደስ ብሏት ነበር። እናም በየወሩ እየገዛች፣ ወረቀቱን እያላጠች፣ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጠች ታስገባ ጀመር። አማቷ በጊዜ ይተኛሉ፤ ማርማላታው የሚሠራው ሁልጊዜ እሳቸው ከተኙ በኋላ ነው። ለሽታው ያህል ጥቂት ኮክ በስኳር አፍልታ ትደፋለች። ባሏ ጣፋጭ ስለማይወድ፣ ስለ ማርማላታው ከሽታው በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ዛሬ ወደ አማቷ ሴት ልጅ ቤት የሚደረገው ጉዞ ግን የዋዛ አይደለም። አማትየዋ ከእንግዲህ የሚኖሩት የት እንደሆነ ዛሬ ይቆርጣሉ። ሴት ልጃቸው አባቷ ካረፉ ጀምሮ «እማዬን ለእኔ ስጡኝ» እያለች ስትለምን ከርማለች። ዘግይታ ስለተወለደች ብርቄ ብለዋት፣ ስሙ በዚያው ቀርቷል። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከሄደ ወራት አይመጣም። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ዝምታውም እንደ ስፋቱ። ምራቲቱ ቅድስት አይደለችም፤ አማቷ ቢሄዱ ደስ ይላታል፣ ባይሄዱም ትችለዋለች። ያልቻለችው በስልኩ የሰማችውን የጠዋቱን አፍንጫ ነው። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አለች በልቧ። አማቷ ከኋላ ወንበር ተመቻችተው፣ በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። የእሷው ማርማላታ ነው። ብርቄ ቀምሳ ትማርበት ብለው ነው የያዙት።

ዋናው መንገድ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። ባልየው መሪውን ወደ አሮጌው መንገድ ሲያዞር ፊቱ በራ፤ የሚስቱ ጠቆረ። እሱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተጋጨ መኪና ፎቶ ሲመረምር ይውላል፤ ከዚያ የሚያሳርፈው በስልኩ የገጠር ሱቆችን መከታተል ነው። «በእጅ የተሠራ»፣ «ከእርሻው በቀጥታ» የሚል ጽሑፍ ካየ እግሩ ራሱ ፍሬኑን ይረግጣል። ገለባ የነካው ነገር ሁሉ ለእሱ እውነተኛ ነው። አሮጌው መንገድ ደግሞ ግራና ቀኙ እነዚህ ሱቆች ናቸው፤ እሱ በስልክ ብቻ የሚያውቃቸው፣ ሚስቱ በየወሩ የምታልፍባቸው።

መጀመሪያ ዳቦ ቤቱ ጋ ቆሙ። የድንጋይ ምድጃ አለ፤ ሰፊ የእንጨት ባንኮኒ አለ፤ ባንኮኒው ላይ ሰው እንዲያየው የተነሰነሰ የሚመስል ዱቄት አለ። ዳቦዎቹ ክብ ናቸው፣ ቅርፊታቸው ሲመታ ድም ይላል፤ ዋጋቸው የከተማው እጥፍ ነው። ጋጋሪው ጺሙን ያስረዘመ ወጣት ሲሆን ከመሸጡ በፊት ማስረዳት ይወዳል። እርሾው ሕይወት እንዳለው፣ በየቀኑ እንደሚመገብ፣ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት እንደሞላው ነገራቸው። «ዘጠኝ ዓመት?» አሉ አማትየዋ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቡክታችሁ ሳትጋግሩት?» ጋጋሪው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ባልየው በእናቱ አፍሮ ሁለት ዳቦ ገዛ፤ አንዱን ለምሳ፣ አንዱን ለይቅርታ።

ቀጥሎ አይብ ቤት ገቡ። አይቡ የሚቀመጠው ምድር ቤት ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ አየሩ እርጥብ፣ ሽታው ከበር ጀምሮ የሚቀበል። ምራቲቱ አማቷን ክንዳቸውን ይዛ ስታወርድ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ስለሆኑ፣ ጊዜው አሁን ነው ብላ አሰበች። «እማዬ፣ ያ ማርማላታ እኮ የእኔ አይደለም» አለች በቀስታ። «አዎ፣ ይዤዋለሁ፤ አልፈሰሰም» አሉ አማቷ፣ በነፃ እጃቸው ፎጣውን መታ መታ አድርገው። ደግማ ልትናገር ስትል ደረጃው አለቀ። ነጭ ቦቲ ጫማ ያደረገው አይብ ሠሪ በቢላዋ ጫፍ አንዲት ቁራጭ አቀረበላቸው። አማትየዋ አሸተቱና ቢላዋውን በእጃቸው ገፉት።

«ይሄ ተበላሽቷል፣ ልጄ። ለሰው እንዳትሸጡት።»

«አይ እማማ፣ ሻጋታው ሆን ተብሎ ነው።»

«ሆን ብላችሁ ነው የምታበላሹት?» አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው ያን ጊዜ ትልቁን ድቡልቡል አይብ እያስመዘነ ነበር። ለተበላሸ ዕቃ ቅናሽ ይደረጋል ብለው ተከራከሩ፤ ዋጋው ቁርጥ መሆኑ ሲነገራቸው ቁርጥ ዋጋ የሚባለው ለደህና ዕቃ ነው አሉ። አይብ ሠሪው ሳቀ። ምናልባት በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ሳቁ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ትንሽ ቀነሰላቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ምራቲቱ በቃሏ ታውቀዋለች። ከድልድዩ በኋላ ዳገት፣ ከዳገቱ በኋላ የኮክ ዛፎቹ። «ረፍዷል፤ ብርቄ ምሳ አዘጋጅታ ትጠብቃለች» አለች ለባሏ። እሱም ሰዓቱን አይቶ እሺ አለ፤ መኪናው ውስጥ አይቡ መሽተት ስለጀመረ እሱም ሳይቸኩል አልቀረም። ሊያልፉ ነበር። አማትየዋ ግን ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው አልደከመም። አጥሩ ላይ የተሳለውን ኮክ ከሩቅ አይተው የልጃቸውን ትከሻ ጨበጡ። «ቁም! ቁም አልኩህ! ለምራቴ ኮክ እንግዛላት፤ የሚቀጥለውን ትሠራበታለች።»

ሱቁ ድሮ በረት የነበረ ነው። ግድግዳው በኖራ ተቀብቷል፤ መደርደሪያው ከአሮጌ ሳጥን እንጨት የተሠራ ነው፤ ጠርሙሶቹ መስኮቱ ስር በረድፍ ቆመዋል። ባለቤቷ ሃምሳን ያለፈች፣ ሰፊ ሽርጥ ያሰረች ሴት ናት። ቀና ብላ ምራቲቱን ስታይ ፊቷ ሊፈታ ሲል፣ ምራቲቱ ከአማቷ ጀርባ ሆና ዓይኗን ጨፍና ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ባለሱቅ ብዙ ነገር በዓይን ይገባዋል። ሴትዮዋ ፈገግታዋን ሰብስባ «እንደምን ዋላችሁ፣ እንግዶች» አለች። አማትየዋ ወዲያው ወደ ኮኩ ሳጥን ሄደው እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ይቺ ጥሬ፣ ይቺ ደህና፣ ይቺ ያለፈባት እያሉ መለየት ጀመሩ። ባልየው ግን ማርማላታው ጋ ቆሟል። ጣፋጭ ባይወድም በቀጭን እንጨት መቅመስ ይወዳል።

«እማዬ፣ አንቺ ቅመሺልኝ እስቲ» አለ።

ሴትዮዋ አዲስ ጠርሙስ አነሳች። ክዳኑን እንደ ሰው በጣቶቿ አልከፈተችም፤ ጠርሙሱን በግራ ክንዷ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ በቀኝ መዳፏ ተጭና አዞረችው። የጣቶቿ አንጓዎች አብጠው ወደ ጎን ዞረዋል። ምራቲቱ ለስንት ወር ከዚህች ሴት እጅ ጠርሙስ ስትቀበል እጇን አይታ አታውቅም። መድኃኒት ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሴትዮዋ ገና በሩን ሳታልፍ ታየው ነበር። አማትየዋ ግን ወዲያው አዩት።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ቁርጥማት ነው፣ እማማ። ኮኩ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ክረምት የለ፣ በጋ የለ።»

«እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» ብለው አማትየዋ እንጨቱን ተቀበሉና ቀመሱ። መንጋጋቸው ቆመ። አለቀ፣ አለች ምራቲቱ በሆዷ፤ ስንት ወር በየጠዋቱ የበሉትን እንዴት ያጡታል? እንዲያውም እፎይ ልትል ምንም አልቀራት፤ መናገሩ ቀረላት ማለት ነው። አማትየዋ እንደገና ጠለቁ፤ እንደገና ቀመሱ፤ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «የምራቴ ግን ይበልጣል።»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ምላስም ያው ሳይሆን አይቀርም። «አትቀየሚኝ፣ እኔ እውነቱን ነው የምናገረው» ብለው ቀጠሉ፣ በእንጨቱ ወደ ምራታቸው እያመለከቱ። «የእሷ ለስለስ ያለ ነው። የአንቺ ስኳሩ በዝቷል። በስኳር ተሸፍኖ ሙያ አይሆንም።» ባለሱቋ መጀመሪያ ጠርሙሱን፣ ቀጥላ ምራቲቱን አየች። በዚያ ቤት ውስጥ ካሉት ነገሩን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሴትዮዋ፣ ምራቲቱ አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች፤ ምራቲቱም ራሷ ያንኑ ጠበቀች።

«አልቀየምም፣ እማማ» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። ከዚያ ለምራቲቱ «ከእኔ ከበለጥሽማ፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አለቻት።

በሽሙጥ ብትለው ይቀላት ነበር፤ በሽሙጥ አላለችውም። ቁርጥማት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንደሚለው ነው ያለችው። «አሜን በያ!» አሉ አማቷ በክርናቸው ጎሰም አድርገው፤ «ሰው ሲመርቅሽ ዝም ይባላል?» እሷም «አሜን» አለች።

ባልየው የኮኩን ሳጥን ተሸክሞ እናቱን አስከትሎ ሲወጣ ምራቲቱ ቦርሳዋን የረሳች መስላ ተመለሰች። «እትዬ፣ አፈርኩ» አለች። ሴትዮዋ ጠርሙሱን እየከደነች ትከሻዋን ሰበቀች። «ምን ያሳፍራል? ከከተማ የሚመጣው ግማሹ ያለ ወረቀት ስጪኝ ነው የሚለኝ። አንዷማ የቤት እንዲመስልላት ክዳኑን አጎድፊልኝ ብላኛለች። እኔ ከሸጥኩ ሸጥኩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእናንተ ነው።» ባንኮኒውን በእጇ ጀርባ ጠረገች። የነገሩ ሁሉ ማለቂያ ይሄ ይመስል ነበር፤ ግን ቀና ሳትል «ስኳሩ ግን አልበዛም» አለች። «አልበዛም» አለች ምራቲቱ። «እሱን ማለት አልነበረባቸውም» አለች ሴትዮዋ፤ ሌላ እንግዳ ስለገባ ወደዚያ ዞረች።

ብርቄ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። እናቷን ሁለቴ ሳመቻቸው፤ ቦርሳቸውን ተቀበለቻቸው፤ ጠርሙሱን ልትቀበል ስትል «እሱን ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አሏት። ከዚያ ክፍሉን አሳየቻቸው። ግድግዳው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። አልጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ለጉልበታቸው ታስቦ። ወንበሩ ስር እግር ማሳረፊያ አለ። አልጋው ራስጌ በኩል ትንሽ አምፖል ተሰክታለች፤ የውጪው በር ደወል ሲደወል አብራ እየበራች ታሳያለች። «ደወሉን ባትሰሚ እንኳ መብራቷን ታያለሽ» አለች ብርቄ፣ ደስ እያላት። «ጆሮዬን ምን ሆንኩ?» አሉ እናትየው። መስኮቱን ከፍተው አዩ፤ መልሰው ዘጉት፤ ፍራሹን በመዳፋቸው ተጫኑ። ጥሩ ነው አላሉም፣ መጥፎም ነው አላሉም። ሦስቱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን አፋቸውን ሲያዩ፣ እሳቸው መጋረጃውን በሁለት ጣታቸው ፈተጉና «እንብላ» አሉ።

ጠረጴዛው ላይ ሾርባ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰላጣ ነበር፤ ባልየው የመንገዱን ዳቦና አይብ ጨመረበት። መሃል ላይ ግን በሸክላ ሳህን ሌላ ነገር ተቀምጧል፤ ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም፣ ማንኪያ የቆመበት። ብርቄ ማርማላታ ሠርታለች። ጠዋት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ገበያ ሮጣ፣ ኮክ ገዝታ፣ ከስልኳ እያነበበች ነው የሠራችው፤ አውራ ጣቷ በፕላስተር ታስሯል። ምሳው ተጋምሶ ዳቦው ሲቆረስ እናትየው ፎጣውን ፈቱና ከቤት ያመጡትን ጠርሙስ ከሸክላው ሳህን አጠገብ አስቀመጡት። ከልጃቸው ሳህን ትንሽ ቀመሱ። ሁሉም ማኘክ አቆመ።

«ተቃጥሏል» አሉ። «አንቺም ቅመሺና ፍረጂ። ይሄ የአንቺ፣ ያ የእሷ።»

ብርቄ አልቀመሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፕላስተሩን ታያለች። ምራቲቱ ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ወንበሯን ወደ አማቷ አዙራ፣ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«እማዬ፣ ያ ማርማላታ የእኔ አይደለም። እኔ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም። ከዚያች ከቆምንባት ሴትዮ ነው የምገዛው። ዛሬ የቀመሱት ራሱ ነው።»

በዚህ ጊዜ አማትየዋ በደንብ ሰሙ። ሹካቸውን አስቀመጡ። ምራታቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ እሷም ቁጣውን ጠበቀች፣ ቁጣው ቢመጣ እንዴት እንደምትቀበለው በመንገድ ሁሉ ስታጠናው ነው የመጣችው። የመጣው ግን እንባ ነው። አማትየዋ መሐረባቸውን አወጡ።

«አያችሁ?» አሉ። «አያችሁልኝ ጨዋነት? የዚችን ልጅ ፊት ላለማጥቆር ብላ የገዛ እጇን ካደች!»

«እማዬ፣ እውነቴን ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ተይ አትማዪ። ምላስ የለኝም? ቀምሼዋለሁ እኮ! የሴትዮዋንም ቀምሻለሁ፣ የአንቺንም በየጠዋቱ እቀምሳለሁ። አንድ ቢሆን ይጠፋኛል? ደግሞ ሴትዮዋ ራሷ በልጠሽኛል ብላ አልመረቀችሽም?»

ምራቲቱ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ነገሩ ገና እየገባው ያለ ሰው ይመስል ነበር፤ ግን የገባው ሌላ ነው። በፍቅር አያት፤ ከተጋቡ ወዲህ እንደዚያ ያያት ጊዜ ጥቂት ነው። «ተይ እንጂ» አላት። «ሽታው ስንት ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል። እኔ ምስክር ነኝ።» እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ፤ የእሷ እውነት ባደረ ቁጥር ምስክሩ የሚበዛው በእሷው ላይ ነበር። ሌላ ነገር ልትል ሞከረች፤ በተናገረች ቁጥር የአማቷ እንባ ይብሳል፣ የብርቄም ራስ ይጎነበሳል። ተወችው።

አማትየዋ ዓይናቸውን ጠርገው ጨረሱ። «እንዲህ ያለች ልጅ ትቼ የት እሄዳለሁ?» አሉ። «ክፍሉ ጥሩ ነው፣ ብርቄ፤ እግዜር ይስጥሽ። ስመጣ አድርበታለሁ።» ብርቄ «እሺ፣ እማዬ» አለች። የተነሳችው ሳህን ለማንሳት ነው፤ ማንም ግን ምግቡን አልጨረሰም ነበር።

ምራቲቱ ተከትላት ማዕድ ቤት ገባች። ምድጃው ላይ ማርማላታ የተቀቀለበት ድስት አለ፤ ስሩ ጠቁሮ ተጣብቋል። ብርቄ ውሃ ከፍታ በብረት መፋቂያ ትፍቀዋለች። ምራቲቱ ፎጣ አነሳችና አጠገቧ ቆመች። ከሳሎን የአማቷ ድምጽ ይሰማል፤ አይቡ እንደተበላሸና ልጃቸው ገንዘቡን እንደተበላ እየነገሩት ነው።

«ብርቄ፣ የነገርኳችሁ እውነት ነው» አለች። «ከፈለግሽ አብረን እንሂድ። ሴትዮዋ አፍ ለአፍ ትነግርሻለች።»

«ሴትዮዋንም ለእኔ ብለሽ ልታስዋሻት ነው?»

«አልዋሸሁም አልኩሽ እኮ።»

ብርቄ ውሃውን ዘጋች። ዓይኗ ደረቅ ነው፤ የጠዋቱ አፍንጫም የለም። የታጠበ ሳህን አንስታ አቀበለቻት።

«ባለሙያነትሽን ችዬው ነበር፣ እቴ» አለች። «አሁን ደግሞ ደግ ሆንሽብኝ። እሱን በምን ልቻለው?»